የራውተሩ ውክልና

ሥልጣንን ማካፈል አዋቂነት ነው የሚሉ ሰዎች፣ ካካፈሉት ላይ ቁራሽ ለማስመለስ ሞክረው የማያውቁ ናቸው። እርስዎም አንባቢዬ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደ እኔ በእጅዎ የቀረው ግዛት አንድ ራውተር ብቻ ከሆነ፣ ቢያንስ እሱን ለማንም አይወክሉ።

እኔ ወክያለሁ። በሥራ ዘመኔ ተወካይ ሳልመድብ ከወንበሬ ተነሥቼ አላውቅም፤ እናም ባለፈው ዓመት ለእኅቴ ለቅሶ ሂርና ስሄድ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ የቤቴን ራውተር ለጎረቤቴ ለአህመዴ በሙሉ ሥልጣን አስረከብኩ። አህመዴ ጫት ነጋዴ ነው፤ ስልክ ላይ ጣቱ ይሮጣል። "ሌባ እንዳይገባ" ብሎ የማስተካከያ ገጹን የይለፍ ቃል ለወጠው። ስመለስ ርክክብ መፈጸም ነበረብን... ይህን የረሳሁት እኔ፣ ያለ ርክክብ ሠራተኛ እንዳይዛወር ስከለክል የኖርኩት ሰውዬ ነኝ።

ነገሩ በዚህ እንዳለ፣ ሐዋሳ ያለችው ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን እሑድ ክርስትና ልታስነሣ ሆነ። የባለቤቴ የአልማዝ ጉልበት መንገድ አልችልም ስላለ፣ ከሰዓት በኋላ ግብዣውን በቪዲዮ ልናይ ተስማማን። ዳሩ ግን እሑድ ከሰዓት የአህመዴ የበርጫ ሰዓት ነው፤ ሊቅም የተሰበሰበው እንግዳ ሁሉ በእኔ ዋይፋይ ፊልም ያያል። በሰፈራችን ዋይፋይ የጠየቀን ጎረቤት መከልከል ውሃ እንደ መንፈግ ስለሚቆጠር፣ ያደልኩት ራሴ ነኝ። ከክርስትናው በፊት በነበረው እሑድ ልጃችን ደውላ ምስሉ ደርቆ ሲቀር አልማዝ፣

"እስካሁን የደረሰን የልጁ አፍንጫ ብቻ ነው። የቀረውን መቼ ይልኩልናል?" አለችኝ።

አህመዴን በዝምታ ከዋይፋዩ ላስወጣው ወሰንኩ። ወደ ገጹ ለመግባት የማውቀውን ቃል ሁሉ ሞከርኩ፤ አልሆነም። የራውተሩን ጀርባ በመርፌ ወግተው ሁሉን እንደ አዲስ ማስጀመር ይቻላል፤ ግን መስመሩም አብሮ ይጠፋል አሉኝ። ስለዚህ ሰውየውን የማስወጣበትን ቁልፍ ከሰውየው ልለምን ሄድኩ።

በረንዳው ላይ ጫት በሙዝ ቅጠል ሲጠቀልል አገኘሁት።

"አህመዴ፣ ያንን የይለፍ ቃል ብትነግረኝ..."

"ምን ይደክማሉ ጋሼ፣ እኔ አለሁ አይደል አቦ?" ስልኩን አውጥቶ ገጹን ከፈተ። በዋይፋዩ የሚጠቀሙት ስልኮች ተደርድረው ታዩ። "ማንን እናስወጣ?"

"አንተን" ለማለት አፌን ከፈትኩ... ተከፍቶ ቀረ።

"እኔ ካበዛሁ ይንገሩኝ። ወላሂ ቅር አይለኝም።"

"አንተማ ቤተሰብ ነህ" አልኩ። አንድ ሰው ማስወጣት ግን ግድ ሆነብኝ፤ ከሁሉ በታች ስም የሌለው፣ ፊደልና ቁጥር ብቻ የሆነ ስልክ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። "ይህን። ማንነቱ የማይታወቅ ሰርጎ ገብ ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አህመዴ፣ እኔ ሳላጣራ ወስኜ አላውቅም።"

አስወጣው።

ቤቴ ስገባ ስልኬ ዋይፋዩን እምቢ አለኝ። አንዴ አጥፍቼ አበራሁት፤ አሁንም እምቢ። ሰርጎ ገቡ ለካ እኔ ኖሬያለሁ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ያሉት አባቶች የእኔን ራውተር ሳያዩ አልተናገሩም። ተመልሼ ልንገረው? ሳላጣራ ወስኜ አላውቅም ካልኩ በኋላ?

እሑድ ደረሰ። የሞባይል ዳታው ከሰላምታ በላይ አይሸከምም፤ የአልማዝ ስልክ ደግሞ ቪዲዮ የማያውቅ ባለ ቁልፍ ነው።

"አንተ ሰው፣ ልጁ ሚስት ሲያገባ ልታሳየኝ ነው?" አለች።

ደግፌያት ወደ አህመዴ በርጫ ገባሁና ስልኬ መበላሸቱን፣ የልጅ ልጄ ክርስትና መሆኑን ተናገርኩ። አህመዴ በራሱ ስልክ ልጄ ጋ ደወለ። እንግዶቹ ማንም ሳያዛቸው የየራሳቸውን ፊልም ዘግተው ከበቡን። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ፤ ልጁ ነጭ በነጭ ለብሶ ሲያዛጋ እስከ ድዱ አየነው። ቤቱ "ማሻላህ" አለ። አልማዝ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ ደግሞ፣ "ለጥቂት ጊዜ ዝጉልኝ" ብሎ መለመን ይህን ያህል ቀላል መሆኑን እያሰብኩ አንገቴን ደፋሁ።

ስንወጣ አህመዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ጋሼ፣ ያ ሌባ እኮ አላረፈም። ገጹ ላይ አየሁት፤ ልግባ ልግባ እያለ ሲታገል ነበር። እምቢ አልኩት።"

"በርታ" አልኩት። "እንዲህ ያለ ሰው ፊት ከሰጡት አይመለስም።"