አርባ ስምንት ከአርባ ስምንት

ከጉና ግርጌ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ድንቁርና ከተደመሰሰ ሦስት ዓመት አልፎታል። የተደመሰሰው በሪፖርት ነው፤ ርዕሰ መምህሩ አቶ ይሻው ግን ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥሩትም።

ዕጩ መምህርት ሠናይት ከደብረ ታቦር መምህራን ኮሌጅ ለማስተማር ልምምድ የተላከችው በዚህ የድል ዘመን ነበር። መመረቅ አለመመረቋን የሚወስነው አንድ ቀላል ስሌት ነው፦ ሦስተኛ ክፍልን ስትረከብ ስንቱ ያነብ ነበር፤ ስታስረክብስ? በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ስምንቱን ልጆች አንድ በአንድ እየጠራች አስነበበች። አንደኛው ሳይደናቀፍ ሲያንበለብለው ደስ አላት፤ ገጹን ብትገልጥበት ግን አፉ ያለፈውን ገጽ ቀጠለ። ሲደመር አሥራ ዘጠኝ አንባቢ ተገኘ። በመረከቢያ ቅጹ ላይ ጻፈች።

አቶ ይሻው ቅጹን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሥራ ዘጠኝ? ማን ነገረሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ልጆቹ ናቸዋ ጋሼ፤ አስነብቤያቸው።»

«ልጆች ምን ያውቃሉ! ባለፈው ሰኔ አርባ ስምንቱም ጥርት አድርገው ያነባሉ ብለን ለወረዳ ልከናል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማኅተም ያረፈበትማ ወዴት ይመለሳል?»

«ምናልባት ክረምቱን ረስተውት ይሆናል...»

«ዕቅዳችን ውስጥ መርሳት የለም።»

አሥራ ዘጠኙ ተሰርዞ አርባ ስምንት ሆነ። ቅጹ የአቶ ይሻው ማኅተም ካላረፈበት ማስተማር መጀመር አይቻልምና ሠናይት ፈረመች።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው፣ እጃቸውን በትንፋሻቸው እያሞቁ የሚመጡትን ልጆች ፊደል ታስቆጥር ገባች። በአራት ወር ገጽ ቢገለጥባቸው የማይደነግጡ ሆኑ። በመጨረሻው ምዘና አርባ አንዱ አነበቡ፤ ይህንንም በደስታ፣ ማንንም ሳታማክር ጻፈች።

የኮሌጁ ተቆጣጣሪ መምህር ምሕረትአብ በአቶ ይሻው ቢሮ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ዘረጉ። ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ሁለት ጊዜ ቀነሱ።

«ስትረከቢ አርባ ስምንት፣ ስታስረክቢ አርባ አንድ። ሰባቱን ምን አድርገሽ ነው ማንበብ ያስረሳሻቸው?»

«መምህር፣ ልጆቹ እዚሁ ናቸው! ጠርተው ያስነብቧቸው።»

«የመጣሁት በመረጃ ልመዝን ነው እንጂ ልጅ ላስነብብ አይደለም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ!»

አቶ ይሻው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስትመጣስ ደህና ልጅ ነበረች» አሉ።

ሠናይት ወደቀች። ኮሌጁ ግን ደግ ነውና ሁለተኛ ዕድል ሰጣት፤ በሚመጣው ዓመት ልምምዷን እዚያው ክፍል ትደግማለች። ጊዜ እንዳታባክንም የመነሻ ውጤቱ ከወዲሁ ተሞልቶ፣ ማኅተም አርፎበት ደርሷታል፦ ሃምሳ ሁለት ከሃምሳ ሁለት። ተማሪዎቹ ገና አልተመዘገቡም።