ገጣሚው ተድላና የፋሪሃ ሰደቃ

ካርቱም ውስጥ ሁለት ሐበሻ ከተገናኘ አንዱ ገጣሚ ነው፤ ሌላው ማምለጫ የሚፈልግ ምስኪን ነው። ሳጃና በምትባለው የካርቱም ሰፈር የሚኖሩት ሐበሾች ገጣሚ ክቡር ጋሽ ተድላ ነበር። አገሩን በሰባት ዓመቱ ለቆ ገዳሪፍ መጠለያ ጣቢያ ያደገ ሰው ነው፤ ስለ አገሩ ግን ከእሱ በላይ የሚያለቅስ አልነበረም። “ግጥም አይጻፍም፤ ይወርዳል!” ይላል። እንዲወርድለት በጭነት መኪና ፖርት ሱዳን ድረስ ሄዶ፣ ሳምንት ሙሉ ባሕር ላይ አፍጥጦ፣ ሁለት ስንኝና የተላጠ አፍንጫ ይዞ ተመልሷል። እስከ መጨረሻው ያዳመጠው ሰው የለም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ጉሮሮውን ሲጠርግ ግማሹ ሰው ሶላት ይደርስበታል፤ ክርስቲያኖቹም ጭምር።

ፋሪሃ ግን ማምለጥ አልቻለችም። የወሎ ልጅ ናት፤ ካፉሪ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ቁርኣን እንጂ ፊደል ስላልቆጠረች ለእናቷ ደብዳቤ የሚጽፍላት ተድላ ነበር።

“ደህና ነኝ፣ ለረመዷን አልመጣም በልልኝ። በቃ፣ ኸላስ” አለችው።

“‘ደህና ነኝ’ ብሎ ግጥም የለም!” ብሎ አሥራ ሁለት አንጓ አወረደው። ይህም አልበቃውም። እንዲህ ያለ ሥራ በታላቅ ሰው ፊት ነው መነበብ ያለበት ብሎ ፖስታው ላይ ለመንደሩ ሸኽ፣ ለሸኽ አብዱልሰላም፣ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ “ቤተ ዘመዱን በማለዳ ሰብስበው፣ እናቲቱን መሀል አስቀምጠው ይክፈቱት።” ፋሪሃ ማንበብ አትችል፣ ተቀብላ ላከችው።

ከሁለት ወር በኋላ የካፉሪው ቤት በር ተንኳኳ። ፋሪሃ ስትከፍት የአክስቷ ልጅ ጂብሪል ቆሟል፤ ከአገር ቤት ገና መድረሱ ነው። ሲያያት ጥቅሉን ጥሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

“አዑዙ ቢላህ! አንቺ… ሞተሽ የለም እንዴ?”

“ምን ነካህ ያ ጂብሪል?”

“ሰደቃሽን በልቻለሁ እኮ! በሬ ታርዶ!”

“የቱ በሬ?”

“ቦቃው። አንቺ በላክሽው ገንዘብ የተገዛው።”

ፋሪሃ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ሰው በገዛ ላቡ የገዛው በሬ ለራሱ ሰደቃ ሲታረድ ከመስማት የባሰ ምን አለ! ጂብሪልም ከሩቅ እንደቆመ፣ ላለመቅረብ እየተጠነቀቀ ነገራት። ሸኽ ማለዳ ቤተ ዘመድ ሰብስቦ እናትን መሀል ካስቀመጠ መርዶ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ይህን ወሎ ውስጥ ሕፃኑም ያውቀዋል፤ የማያውቀው መጠለያ ጣቢያ ያደገው ተድላ ብቻ ነው።

“እማስ?” አለች ፋሪሃ።

“እህል አትቀምስም። ለክረምቱ መድረሷንም እንጃ።” ፋሪሃ ጮኸች።

ጩኸቷን ሰምታ የወጣችው የቤቱ እመቤት ሲት ዐዛ ሞባይሏን ሰጠቻት። ሐይቅ ከተማ ባለ አንድ ሱቅ ስልክ ተደውሎ፣ ሰው ወደ ገጠር ተልኮ፣ እናቷ እስክትመጣ ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለቱንም ቀን ፋሪሃ ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። “ሳልደርስላት ብትሞትስ?” እያለች ስልኩን ታቅፋ ዋለች።

በመጨረሻ የደከመ ድምፅ መጣ። “አትቀልዱብኝ። ልጄ ሞታለች።”

“እማ፣ እኔ ነኝ! ወላሂ እኔ ነኝ!”

“ድምፅ የምታስመስል አምጥታችሁ ልታጽናኑኝ ነው።”

ፋሪሃ ማለች፣ ለመነች፣ አለቀሰች። እናቷ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ንዴቷ ገነፈለ። “ለመሆኑ ቦቃውን እረዱ ያላችሁ ማን ነው? ስንት ዓመት የለፋሁበትን በሬ!”

“አልሐምዱ ሊላህ!” ብላ እናቷ እልል አለች። “እሷ ናት! ራሷ ናት!”

ሁለቱም ሲላቀሱ ቆይተው፣ ፋሪሃ “ወረቀቱን ብታነቡት ኖሮ እኮ…” አለች።

“ማን ደፍሮ ይክፈተው? ሸኹ ቁርኣናቸው ውስጥ እንደታሸገ አስቀምጠውታል።”

አርብ ዕለት ፋሪሃ ሳጃና ገባች፤ የተድላን ብዕር ዐይኑ እያየ ልትሰብር ምላ ነበር። ሻይ ቤት ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ቆማ፣ ጣቷን እያወዛወዘች፣ የደረሰባትን አወረደችበት፤ ሸኹን፣ በሬውን፣ ጾሟን የከረመች እናቷን። ተድላ ፊቱ አመድ መሰለ። “በሞትኩት! እናትሽን! ምን አድርጌ ነው እግዚአብሔር እንዲህ የቀጣኝ?” አለ። ራሱን ሊይዝ ሲል ሻዩን ሱሪው ላይ ደፋው።

ከዚያ ሱሪውን እያራገፈ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

“መንደሩ ሁሉ አለቀሰ?”

“ሁሉም።”

“ሽማግሌዎቹም?”

“እነሱም።”

“የትኛው… የትኛው አንጓ ላይ?”

ፋሪሃ አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ማንም እንዳልከፈተው፣ አንዲት ስንኝ እንኳ እንዳልተነበበች። የተድላን ኮሌታ አየችው፤ አርጅቶ ተገልብጦ የተሰፋ ነው። ዐይኖቹም እንባ አቅርረው እሷን ብቻ ይጠብቃሉ። እንዲህ የሚያናድድ፣ እንዲህም አንጀት የሚበላ ሰው አይታ አታውቅም።

“ሦስተኛው ላይ” አለችው።

“ዐውቄዋለሁ!” አለ ተድላ በመዳፉ ፊቱን እየጠረገ። “እኔም ስጽፈው ያለቀስኩት እዚያው ላይ ነው።”

ፋሪሃ ወንበር ስባ ተቀመጠች። “እስቲ በልልኝ” አለችው።