ሐሙሴን የበላው ምርጫ

ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የማገለግላቸው ጣሊያናዊት እመቤት፣ ሲኞራ፣ በጣም ያስባሉ። ቴሌቪዥኑ የአሜሪካንን የምርጫ ዘመቻ ባሳየ ቁጥር፣ ፊኛው ሲለቀቅ፣ ሀብታሞቹ ለአንድ ሳህን እራት የመኪና ዋጋ ሲከፍሉ ባዩ ቁጥር፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «አሎራ ጸዳለ፣ እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማነው?» ይሉኛል።

«እኔ እንጃ ሲኞራ» እላለሁ። ግን አውቃለሁ። የምትከፍለው ሚስት ናት።

ባሌ መኩሪያ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሯል። አትደንግጡ፤ እዚህ ሮም ላለው ለኛ ሰዎች መረዳጃ ማኅበር ነው። ሊቀመንበር ቢባል ይበቃ ነበር። ፕሬዚዳንት ሲባል ግን ከረባት ያስፈልጋል፤ ከረባት ካለ ፎቶ አለ፣ ፎቶ ካለ ማተሚያ ቤት አለ። ወጪ እንዲህ ነው የሚዋለደው።

ኑሯችንን ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። እኔ የማድረው ሲኞራ ቤት ነው። እሱ ምግብ ቤት ሳህን እያጠበ ቶር ፒኛታራ ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ያድር ነበር። እዚህ የቤት ሠራተኛ የምትለቀቀው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እሑድ የቤተ ክርስቲያንና የዘመድ ነው። ሐሙስ ግን የኛ ነበር። እሱ ፓስታ ይሠራል፣ እኔ የሸሚዙን ቁልፍ እተክላለሁ፣ ከዚያ አልጋው ላይ እግራችንን ዘርግተን ዝም እንላለን። የሃያ ዓመት ትዳር በሐሙስ ከሰዓት ቢለካ ስንት ይወጣዋል? ለክቼ አላውቅም፤ እፈራለሁ።

ለመወዳደር ያነሳሳው ክፉ ሐሳብ አልነበረም። አንዲት የጎንደር ልጅ በሰው ቤት እንዳለች ሞተች። አስከሬኗን አገር ለማስገባት መዋጮ ያስፈልግ ነበር፤ የሚያዋጡት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ሠራተኞቹ የሚወጡት ሐሙስ ነው። ልጅቷ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆና ሐሙስን ጠበቀች። መኩሪያ ይህን መርሳት አቃተው። ለዚህ ብቻ የሚውል ተቀማጭ ይኑረን አለ። መፈክሩም ይኸው ሆነ፦ «ሞቶ ሐሙስን የሚጠብቅ አይኑር!»

ታዲያ መራጩም የሚገኘው ሐሙስ ነው። ፓስታው ቀረ። ያገራችን ሰው በሚሰበሰብበት ጎዳና በቪያ ቮልቱርኖ ፎቶውን ስናድል፣ ቤት ለቤት ቡና ስንጠራ ሐሙሶቼ አለቁ። ገቢ ማሰባሰቢያ ተብሎ ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። ልማዳችንን ታውቁታላችሁ፦ ዳቦው ለጨረታ ቀረበ፣ ያሸነፈው ከፍሎ መልሶ ሰጠ፣ እንደገና ቀረበ። አራት ጊዜ ተሽጦ ማንም ሳይቀምሰው ቤት ገባ። ገንዘቡ ገንዘብ ለሰበሰብንበት አዳራሽ ኪራይ ሄደ። የገና ሰሞን ሲኞራ በአገሩ ደንብ ከአሥራ ሁለቱ ወር ሌላ የሚሰጡኝ አሥራ ሦስተኛው ደሞዜ ደግሞ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በግ ሆኖ ተመለሰ፤ መራጭ ተሰብስቦ በላው። ከዚያ የተረፈችው ለአዲስ ጫማ ሆነች። የተሰነጠቀ ጫማ ያደረገ ፕሬዚዳንት የለማ!

«ብትመረጥስ በኋላ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ያኔማ ጸዱዬ፣ ስብሰባው በየሐሙሱ ነው» አለኝ፤ ፊቱ በርቶ።

የምርጫው ዕለት እሑድ፣ አንድ የኛ ካቶሊክ ቄስ ባስፈቀዱልን አዳራሽ፣ ወረቀቷን ይዤ ከመጋረጃው ኋላ ገባሁ። ላይዋ ላይ ሁለት ፎቶ አለ። ባሌ ከነከረባቱ ከፎቶው እያየኝ ለተቀናቃኙ ለአቶ ደምሴ ምልክት አደረግሁ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ሐሙሴን ፈልጌ ነው።

መኩሪያ በሰፊው ተሸነፈ። በትራም ስንመለስ ድምፅ የሰጡትን ሰዎች በጣቱ ይቆጥር ጀመር። «አንዱ አንቺ» አለና አውራ ጣቱን አጠፈ። እኔ በመስኮቱ የሚያልፈውን ግንብ አየሁ።

ሐሙስ ተመለሰልኝ። ፓስታውም፣ ዝምታውም። አምስት ሐሙስ። ከዚያ አንድ ሰኞ ሥራ ቦታ ልቡን ይዞ ወደቀና አልተነሳም። እናቱ አጠገብ መቀበር ነበር የሚፈልገው። ተቀማጭ ግን የለም፤ ሐሳቡ ከሱ ጋር ተሸንፏል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ሐሙስን ጠበቀ።

አቶ ደምሴ መጡ። «ወይዘሮ ጸዳለ፣ ያ የዘመቻው ካርቶን ይኖር ይሆን?» አሉኝ። የአዲሱ ጫማ ካርቶን ነው፤ ክዳኑን ቀደን መዋጮ እንሰበስብበት ነበር። ከአልጋ ሥር አወጣሁት። መኩሪያ ላዩ ላይ ተለጥፎ ፈገግ ብሏል። አቶ ደምሴ «ይምረጡ» የሚለውን በነጭ ወረቀት ሸፈኑና፣ «ፎቶውን አንነካውም» አሉ።

ሐሙስ ቪያ ቮልቱርኖ በሰው ሞላች። በጉን በልተው ሌላ የመረጡት ሁሉ እያለቀሱ ከተቱ። ያለቀሰው ሁሉ መርጦት ቢሆን ኖሮ ማን ይችለው ነበር? ግን የመጀመሪያው ሐሙስ አልበቃም፤ እሑድ ተጨመረ፤ ሌላ ሐሙስ ተጨመረ። ከዚያ መኩሪያ አገሩ ገባ።

በአርባው ማግስት አቶ ደምሴን ፈልጌ ሄድኩ።

«እኔ እርስዎን ነው የመረጥሁት» አልኳቸው። «ስለዚህ የምጠይቅዎት አለኝ። የሱን ተቀማጭ ያቋቁሙልኝ።»

ለምን እሳቸውን እንደመረጥሁ አልጠየቁኝም።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ። «ይቋቋማል። የኔም ሚስት መኩሪያን ነው የመረጠችው። እሷም ሰው ቤት ነው የምታድረው፤ ሐሙሴን ወሰድክብኝ ትለኛለች።»

ሳቅ አመለጠኝ፤ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

አሁን ሐሙስ ከሰዓት ስለቀቅ ቶር ፒኛታራ አልሄድም፤ ክፍሏን መልሻለሁ። ቪያ ቮልቱርኖ ከአቶ ደምሴ ሚስት ጋር ለተቀማጩ ካርቶኑን ይዘን እንቆማለን። ነጩን ወረቀት ቀስ ብዬ ላጥኩት፤ «ይምረጡ» የሚለው ዳግመኛ ይታያል። ወጣቶቹ ሳንቲም ሲከቱ፣ «ማነው ሰውዬው፣ ተወዳዳሪ ነው?» ይሉኛል።

«አዎ» እላለሁ። «ባሌ ነው። የኔን ድምፅ ገና እየሰጠሁት ነው።»