የጋሽ ደጀኔ ትርፍ ፀሐይ

ሰው የጎደለውን ለመጠየቅ ሲያፍር ይገባኛል። የተረፈውን ለመስጠት የሚያፍረው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም፤ የሞላ ሳህን ይዘን ጎረቤት በር ድረስ እንሄድና፣ «ናቁን ይሉ ይሆን?» ብለን ይዘነው እንመለሳለን። ሳህኑ ውስጥ ያለውም እቤታችን ይበላሻል። ጨዋ ሰው ይህን ነገር ይሉኝታ ይለዋል። እኔ ሌላ ስም ላወጣለት ነበር፤ ይሉኝታ ይዞኝ ተውኩት።

መንደራ ቆጪ ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ጋሽ ደጀኔ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። አዲስ አበባ የሚኖረው ልጃቸው፣ አባቴ መብራት በሄደ ቁጥር ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም ብሎ ጣሪያቸውን በሶላር አለበሰው። ልጅ አባቱን ሲወድ ልክ አያውቅም መሰለኝ፣ ያስገጠመላቸው ለአንድ ሽማግሌ ሳይሆን ለአንድ ትምህርት ቤት የሚበቃ ነው። የጋሽ ደጀኔ ንብረት ደግሞ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፍሪጅና ጥቂት አምፖሎች ናቸው። በበጋ ባትሪው ገና ረፋዱ ላይ ጢም ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የፀሐይ ጉልበት ማንም ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ከአጥሩ ወዲያ አዴ ሶፊያ አሉ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ቡና ቆልተው፣ ፈጭተውና አሽገው ለመንገደኛ እየሸጡ፣ ቤታቸውን በአንዲት የኤሌክትሪክ መፍጫ ያቆሙ ሴት ናቸው። መብራት ሲሄድ መፍጫዋ ቀጥ ትላለች። የሚሄደውም፣ ሆን ብሎ ይመስል፣ ገዢ በሚበዛበት እኩለ ቀን ነው። ደንበኛው ትንሽ ይቆማል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ከዚያ ሄርማታ ገበያ ሄዶ ይገዛል። የሄደ ደንበኛ ደግሞ እንደ መብራት አይመለስም።

«ጋሼ፣ ትርፉን ለአዴ ሶፊያ ለምን አይሰጧቸውም? አንድ ገመድ እኮ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔም አስቤዋለሁ። ግን ሳትጠይቀኝ ብሰጣት፣ ችግረኛ አደረገኝ ብላ ብትቀየመኝስ? ትጠይቀኝ እንጂ፣ ደስ እያለኝ ነው የምሰጣት።»

«እኔ ልንገራቸው?»

«እንዳታደርገው! እኔ የላክሁህ ይመስላታል።»

አፌን ያዝኩ። ጋሽ ደጀኔ ግን ዘዴ አላጡም። ከዚያ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ የበረንዳውንም የአጥሩንም አምፖል ቦግ ያደርጉታል። «ታየዋለች፤ እንደተረፈኝ ይገባታል፤ ትጠይቀኛለች» ይሉኛል፣ ወንበራቸውን ወደ አጥሩ አዙረው እየጠበቁ። አዴ ሶፊያ አይተውታል። አልጠየቁም።

በጋው በዚሁ አለቀ። አንድ ጠዋት አዴ ሶፊያ በር ላይ ዕቃ የጫነ አይሱዙ ቆሞ አየን። መፍጫቸውን ሸጠው፣ ሰኮሩ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ጋሽ ደጀኔ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ወጡ።

«ሶፊያ፣ ምነው? ሳትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርዎት፣ ጋሼ? መብራቱ አላሠራኝ አለ፣ ደንበኛዬም አለቀ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጅ አለኝ።»

«እኔ እኮ ኃይል ተርፎኝ ነበር! አምፖሉን በቀን ሳበራ የከረምኩት አይተሽ እንድትጠይቂኝ ብዬ ነው።»

አዴ ሶፊያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ያ ረቢ! እኔ እኮ እርጅና ተጫጭኗቸው ማጥፋቱን እየረሱት ነው ብዬ! ብነግራቸው ያፍራሉ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም።

«መፍጫውን ማስመለስ አይቻልም?» አሉ ጋሽ ደጀኔ፣ ድምፃቸው ቀንሶ።

«ከእጄ ወጣ፣ ጋሼ» አሉ አዴ ሶፊያ፣ ወደ መኪናው እየወጡ።

ቤቱን ሃያት የምትባል ፀጉር ሠሪ ተከራየችው። በገባች ማግስት መብራት ሄደ። ወዲያው አንገቷ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«አካም ጋሼ! ሶላር አለዎት አይደል? ለፀጉር ማድረቂያዬ ገመድ ብስብ ይደብርዎታል?»

«ኧረ... ሳቢ!» አሉ ጋሽ ደጀኔ ደንግጠው።

«ገለቶማ!» ብላ አመስግና ወረደች። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን እኩለ ቀን ላይ ከአጥሩ ወዲያ የማድረቂያ ድምፅና የሴቶች ሳቅ ይሰማል። ጋሽ ደጀኔ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ደስ ብሎኛል ይላሉ፤ ፊታቸው ግን እንደዚያ አይልም።

«ይህን ያህል ቀላል ነበር?» አሉኝ በቀደም።

ነበር፣ ጋሼ። ነበር።