የአቶ ባምላኩ የሳሎን አጠቃቀም መመሪያ

ቡሬ የፋብሪካ ከተማ ከሆነች ወዲህ ብዙ ነገር አግኝታለች። የጭስ ማውጫ አግኝታለች፣ ደመወዙ በባንክ የሚገባለት ሰው አግኝታለች፣ ከሁሉም በላይ ግን ሶፋ አግኝታለች። የታሪክ ጸሐፊዎች ወደፊት ስለዚህ ዘመን ሲጽፉ ሌላውን ሁሉ ቢዘነጉ አልቀየማቸውም። የጎረቤቴን የአቶ ባምላኩን ሶፋ ከዘነጉ ግን ሥራቸውን አልሠሩም።

አቶ ባምላኩ በአንድ የዘይት ፋብሪካ የስርጭት ክፍል ምክትል ኃላፊ ናቸው። «ምክትል» የምትለዋን ቃል ሲናገሩ ሳል ይይዛቸዋል። ሶፋውን ከባሕር ዳር በአይሱዙ ያስመጡት የዛሬ አራት ዓመት ነው፤ ባለ ዘጠኝ መቀመጫ፣ ቡናማ፣ ጥግ ላይ የሚታጠፍ። ሲመጣ የለበሰው ላስቲክ እስካሁን አልወለቀም። በሳሎኑ በር ላይም በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ላሚኔት ተደርጎ፣ የፋብሪካው ባይሆንም የፋብሪካውን የሚመስል ክብ ማኅተም የታተመበት መመሪያ ተለጥፏል። አንቀጽ አንድ፣ «ሳሎኑ ለእንግዳ ብቻ አገልግሎት ይሰጣል» ይላል። አንቀጽ ሁለት፣ «እንግዳ ማለት ደረጃውን የጠበቀ እንግዳ ማለት ነው» ይላል። ደረጃውን የሚመድቡት አባወራው መሆናቸው በአንቀጽ ሦስት ተደንግጓል።

በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃውን የጠበቀ እንግዳ አልተገኘም። እኔ ለምሳሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በእሳቸው ምደባ ግን የጓሮ በር እንግዳ ነኝ። ቤተሰቡም ከሳሎኑ ታግዷል። አቶ ባምላኩ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አምለሰትና ልጃቸው እናኑ ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ራት ይበላሉ። ሕግ አውጪ ራሱ ላወጣው ሕግ ሲገዛ ማየት የፈለገ ሰው ካለ ሩቅ አይሂድ፤ አጥራችንን ተሻግሮ ይይ።

ችግሩ እናኑ ላይ መጣ። እናኑ በአንድ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ስመኘው የሚባል፣ አባቷ በሚሠሩበት ፋብሪካ ማሽን የሚጠግን፣ ከጅጋ ወዲያ የበቆሎ አራሽ ልጅ የሆነ ጎበዝ ትወዳለች። አቶ ባምላኩ ደግሞ ለአማችነት ያሰቡት የመኪና ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው ነበር። ስመኘው ሐዋሳ ሥራ ተገኝቶለት መሄጃው ለሰኔ ሠላሳ ተቆርጧል፤ እናኑንም ይዟት መሄድ ይፈልጋል።

«ጋሸ» አለችኝ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል፣ «አባየ ካልመረቀኝ አልሄድም። ስመኘው ደሞ ካልሄደ ሥራው ያመልጠዋል። ምን ይሻለኛል?»

አሳዘነችኝ።

በግንቦት መጀመሪያ እሑድ የስመኘው ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው። አለቃ ገብረ ኢየሱስ የደብሩ ሰው፣ አያ እጅጉ የስመኘው አጎት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአንገታቸው መነቅነቅ በቀር ቃል የማይወጣቸው አያ ደሞዝ። አቶ ባምላኩ የሽማግሌ ነገር ሆኖባቸው ወደ ሳሎኑ አስገቧቸው፤ ምንጣፉ ላይ ግን አስቀድመው ካርቶን አነጠፉ።

«እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ፣ እሺ እንዳይሏቸው እየፈሩ።

«የለም» አሉ አለቃ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም። ወጉም አይደል።»

የአቶ ባምላኩ ፊት በራ። «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው የገጠር ሰው!» አሉኝ በኋላ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠየቁ፣ ቆመው መልስ ሰሙ፣ ቆመው መረቁ። መልሱም «ጉዳዩ ከፍተኛ ትኩረት ተሰጥቶት በሂደት ላይ ይገኛል፤ ለሳምንት ተመለሱ» የሚል ነበር።

ለሳምንት ተመለሱ። ካርቶኑ ተነጠፈ፣ ቆሙ፣ ሄዱ። በሦስተኛው እሑድም እንዲሁ። በስድስተኛውም እንዲሁ። ወይዘሮ አምለሰት ባላቸውን «ኧረ በሥላሴ! ሽማግሌ እንዲህ አይንገላታም፤ ወይ ስጥ ወይ ከልክል» ቢሏቸው፣

«ምን ጎደለብሽ?» አሉ። «ቆመው ይመጣሉ፣ ቆመው ይሄዳሉ። ወጪ የለው፣ በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት የለው።»

እኔን የገረመኝ የሽማግሌዎቹ ትዕግሥት ነው። የስድሳና የሰባ ዓመት ሰዎች በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ቆመው፣ ሲወጡ አንድም ቀን ሲያጉረመርሙ አልሰማሁም። እንዲያውም አያ እጅጉ እየሳቁ ነበር የሚወጡት።

በሰባተኛው እሑድ ታላቁ ቀን ደረሰ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ቴዎፍሎስ፣ አቶ ባምላኩ ዓመት ሙሉ ሲጋብዟቸው «እስቲ እናያለን» ሲሉ የኖሩት ሰው፣ ለምሳ እመጣለሁ አሉ። ምሳው ካማረ፣ «ምክትል» የምትባለው ሳል ለዘላለም ትሽር ይሆናል። ዶሮ ታረደ። ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሳሎን ተጠራሁ፤ በር አካባቢ እንድቆም ተነገረኝ። ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ እንግዳው ሳይደርሱ እንዲሸኙ።

ከዚያም አቶ ባምላኩ መቀስ ይዘው ወደ ሶፋው ቀረቡ። አራት ዓመት የቆየው ላስቲክ ገና ሲነካ ሙልጭ ብሎ በእጃቸው ወጣ።

«አየህ የዕቃን ጥራት!» አሉኝ። «ሲፈልጉት እንዲህ ይታዘዛል።»

ወይዘሮ አምለሰት ወደ ወጥ ቤት ሄዱ።

ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አራትም አለፈ፤ ሽማግሌዎቹ የሉም። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ «ቅዳሴ ረዘመብን» ብለው ገቡና በለመዱት ቦታ፣ ዛሬ ካርቶን በሌለበት ምንጣፍ ላይ ቆሙ። አቶ ባምላኩ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ።

አቶ ቴዎፍሎስ ገቡ። ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

«ይቀመጡ ጌታየ፣ ይቀመጡ!» አሉ አቶ ባምላኩ፣ በሁለት እጃቸው ሶፋውን እያሳዩ።

«አባቶች ቆመው?»

«እነሱ ልማዳቸው ነው።»

«ለእኔ ግን ልማዴ አይደለም» አሉ አቶ ቴዎፍሎስ። «እናቴ ብትሰማ ጡቴን ነክሰሃል ትለኛለች። መጀመሪያ እነሱ ይቀመጡ።»

አቶ ባምላኩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እባካችሁ አባቶቼ፣ ለዛሬ ብቻ ተቀመጡልኝ። ጉዳዩን ለሳምንት…»

«ከተቀመጥን አለቀ ማለት ነው» አሉ አለቃ ገብረ ኢየሱስ። «የሽማግሌ መቀመጥ ለዛሬ ብቻ የሚባል የለውም።»

አያ ደሞዝ አንገታቸውን ነቀነቁ።

እንግዲህ ሁኔታው ይህን ይመስል ነበር። መቀመጫ ዘጠኝ፣ ሰው ስምንት፣ የተቀመጠ ማንም የለም። ወጡ ይቀዘቅዛል። እናኑ እንጀራ የተነጠፈበትን ትሪ ታቅፋ ዓይኗ አባቷ ላይ ተተክሏል። አቶ ቴዎፍሎስ ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

«ሥራ የበዛባችሁ ትመስላላችሁ» አሉ። «እኔ ሌላ ቀን ብመጣ ይሻል ይሆናል።»

«ሰጥቻለሁ!» ብለው ጮኹ አቶ ባምላኩ።

«ምን አሉ?» አሉ አለቃ፣ እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው። በደንብ ሰምተዋል።

«በራሴና በቤተሰቤ ስም፣ የቀረበው ጥያቄ በጥልቀት ተመርምሮ ሙሉ ተቀባይነት ያገኘ መሆኑን… ልጄን ለስመኘው ሰጥቻለሁ! ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ!»

እልልታው ከወጥ ቤት ነው የተነሣው። እናኑ ትሪውን ለእኔ አስታቅፋ ከአባቷ ጉልበት ስር ወደቀች። አቶ ባምላኩ ግማሹን የፋብሪካ ቋንቋ፣ ግማሹን የአባት ቋንቋ ቀላቅለው መረቋት፤ መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ለመሳለቅ የመጣሁ ሰው ነበርኩ፤ ትሪውን እንደታቀፍኩ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አለቃ ገብረ ኢየሱስ ሳያመነቱ ጥጉን ያዙ። አያ እጅጉ ደግሞ እጃቸውን ከሶፋው ጎን ሰደድ አድርገው አንድ ነገር ሳብ ሲያደርጉ፣ ከሥር አንድ ትራስ የመሰለ ነገር ወጥቶ እግራቸውን ተሸከመው።

«ይኸ ደሞ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ባምላኩ ደንግጠው።

«የእግር ማሳረፊያው ነዋ። አያውቁትም?»

«ለእርስዎ ማን አሳየዎት?»

አያ እጅጉ ወይዘሮ አምለሰትን አዩ። ወይዘሮ አምለሰት ወጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እጃቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ረቡዕ ረቡዕ ይመጣሉ። የልጅቱን ነገር እነሱና እኔ ከጨረስነው ወር አልፎታል። እሑድ እሑድ የሚቆሙት አንተን ለማክበር ነው።»

«ሶፋየ ላይ ረቡዕ ረቡዕ?»

«ላስቲኩን ጠዋት ስትወጣ አወልቀዋለሁ፣ ማታ ሳትገባ አለብሰዋለሁ። ሰኞ የማኅበር ሴቶች አሉ። ማክሰኞና ዓርብ እናኑና ጓደኞቿ ናቸው። ሐሙስ መምህርና ባለቤቱ፣ ቅዳሜ ደሞ እኔ ጋደም እላለሁ።»

አቶ ባምላኩ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ጣሪያውን አየሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሳየው የኖርኩት ጣሪያ ነው፤ ጋደም ብለው ሲያዩት ያምራል።

አቶ ቴዎፍሎስ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። አቶ ባምላኩ ግን አልተቆጡም። ወደ ኋላ አሉና፣ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሶፋቸው ላይ ተቀመጡ። በመዳፋቸው ጨርቁን ዳሰሱት።

«ይመቻል» አሉ፣ እንደ ሕፃን ባለ ድምፅ።

«ይመቻል» አልነው ሁላችንም።

«እና አምለሰት፣ ለእኔስ የትኛው ቀን ይሁንልኝ?»

ወይዘሮ አምለሰት በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደግመውም ቆጠሩ፣ እውነትም አዘኑላቸው።

«ምን ላድርግህ? ሥራ የማትገባው እሑድ ብቻ ነው። እሑድ ደሞ አንተ ቤት ስለምትውል ሳሎኑ ዝግ ነው።»