ኮንጎ ጢሜን የበላች ዕለት

ሚስቱንና እናቱን ማስታረቅ ያቃተው ወንድ ሁሉ፣ አንድ ሻለቃ ጦር ቢሰጡት የማያውቀውን አገር በሁለት ሳምንት ሰላም ያደርጋል! አትሳቁ፤ የምሬን ነው። ባለፈው ሳምንት ከኮዬ ፈጬ በመጣ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ጎልማሶች በሌላ አገር የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ የውጭ ጦር ይግባ፣ አይግባ እያሉ ይፋጃሉ። አንደኛው ዞር ብሎ “አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?” አለኝ።

እኔ? “ወራጅ አለ!” ብዬ ወረድኩ። መውረጃዬ ገና ነበር።

ፈሪ ነው እንዳትሉኝ ምክንያቴን ስሙ። በንጉሡ ዘመን ነው፤ ባቡሩ በአቃቂ በኩል የሚያልፍበት ጊዜ። እኔ እዚያው አቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ዕለቱ ደግሞ የሠርጌ ቀን ነው። ሙሽራዬ ጽጌ ደብረ ዘይት ናት፤ ከአባቷ ተደብቀን እናወራ ነበር። አባቷ አቶ ደምሴ ሽማግሌ ስልክባቸው “ልጄን ለልጅ አልሰጥም” ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ “ኧረ ጢሙን ቢያዩት!” ብለው ነው ያግባቧቸው። አንድ ቀን ከሩቅ አሳዩኝ፤ አቶ ደምሴም ጢሜን አዩና እሺ አሉ። የቀረው አካሌ እንደ ምርቃት የተጨመረ ነገር ነው።

አጃቢዎቼ ቀድመው ደብረ ዘይት ገብተዋል። እኔ የቀረሁት የፈረቃ አለቃዬ “ሠርግህ በቀን፣ ሥራህ በሌሊት... ምን አገናኛቸው?” ስላለኝ ነው። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ላይ ከሚዜዬ ከጌታቸው ጋር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ፀጉር ቤት ገባሁ፤ ፊቴን ልላጭ፣ ጢሜን ላስተካክል።

ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ በየነ እጃቸው ወርቅ ነው። አፋቸው ግን... እንተወው። ጥግ ላይ የጣቢያው ቲኬት ሻጭ አቶ ጸጋዬ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ሬዲዮው ወታደሮቻችን ሰላም ሊያስከብሩ ወደ ኮንጎ ሊላኩ መሆኑን ተናገረ። አለቀልኝ!

“እሰይ!” አሉ ጋሽ በየነ አረፋ እየቀቡኝ። “ወንድም ወንድሙን ሲያርድ ቆሞ ማየት ነውር ነው። ገብቶ መገላገል ነው!”

“ማን ጠራቸው?” አሉ አቶ ጸጋዬ። “ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት!”

“የጎረቤትህ ቤት ሲቃጠል ካልጠራኸኝ አልመጣም ትለዋለህ?”

“እመጣለሁ፤ ውሃ ይዤ እንጂ ጠመንጃ ይዤ አይደለም! ደግሞ ስማ በየነ፣ የድሃ ቤት ሲቃጠል የሚደርስ የለም። እንደ ኮንጎ መዳብ ያለበት ቤት ሲቃጠል ግን የዓለም እሳት አጥፊ ሁሉ ይጋፋል።”

እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። የእኔ ጣጣ ምላጩ በጋሽ በየነ እጅ፣ ቲኬቱ በአቶ ጸጋዬ እጅ መሆኑ ነው።

ጋሽ በየነ ከሞጆ ወዲያ ተሻግረው አያውቁም፤ ጦር መምራት ግን ያውቁበታል። ፊቴን ካርታ አደረጉት። “ተመልከት! ይሄ ጉንጩ ዋና ከተማው ነው እንበል። አማፂዎቹ አገጩ ላይ መሽገዋል። ሰላም አስከባሪው በዚህ በኩል ይገባና...”

ገባ! በአፍንጫዬ ሥር፣ በግራ በኩል ገባ። ግራ ጢሜን ጠራርጎ ወጣ።

“ጋሽ በየነ! ጢሜ...”

“ዝም በል፣ ትልቅ ነገር እያወራን ነው!” አሉና ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፉ። “ለመሆኑ አንተ ምን ትላለህ? ይግቡ፣ አይግቡ?”

ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው ምን ይላል? እናንተስ ብትሆኑ? “ይግቡ!” አልኩ። “ይግቡ እንጂ! እንዲያውም ዘግይተዋል!”

አቶ ጸጋዬ ቆባቸውን አንሥተው ብድግ አሉ። “አንተም? እንግዲያው ቲኬትህን ከበየነ ግዛ!” ብለው ወጡ። ጋሽ በየነ “ሲሸነፍ ይሸሻል!” እያሉ ምላጩን እንደያዙ ተከተሏቸው። እኔ ፎጣው አንገቴ ላይ እንደተጠመጠመ ተከተልኩ። ጌታቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሊገላግል ሮጦ መሃል ገባ። ጋሽ በየነ የጸጋዬ ወገን መሰላቸው፤ አቶ ጸጋዬ የበየነ ወገን መሰላቸው። ከሁለቱም አንዳንድ ጥፊ ቀመሰ፤ የተዋሰው ኮት እጅጌው እስከ ብብቱ ተተረተረ። በመጨረሻ የጣቢያው ዘበኛ ደረሰና ምላጩን ቀምቶ ኪሱ ከተተ።

“ካልታረቃችሁ አልመልስም!”

አቶ ጸጋዬ የቲኬት ቤታቸው ገብተው መስኮቱን ጥርቅም አደረጉት። ያኔ ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ።

አሁን ብስቅም ያን ጊዜ አልሳቅኩም። ጽጌ ነጭ ለብሳ በር በሩን ስታይ፣ አባቷም “አላልኩም?” ሲሉ ታየኝ። ከሐዲዱ ሥር አንድ ድንጋይ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ ጫንኩ፤ እንደ ባለጌ ልጅ መስኮቱ ፊት አጎንብሼ ቆምኩ።

“አቶ ጸጋዬ፣ በጋሽ በየነ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

መስኮቱ በጣት ስፋት ተከፈተ። “ስለ ኮንጎ የተናገርከውን ታነሣለህ?”

“አነሣለሁ!”

“ማንም አይገባም?”

“ማንም አይግባ! የገባም ይውጣ!”

“ከሃዲ!” ብለው ጮኹ ጋሽ በየነ ከኋላዬ። እኔ ግን ሁለት ቲኬት ይዤ፣ ድንጋዬን ጥዬ፣ ከጌታቸው ጋር እየሮጥኩ ነበር።

ባቡሩ ውስጥ ጌታቸው ከአንድ ተሳፋሪ ምላጭ ለምኖ የተረፈውን ጢሜን አነሣልኝ። ባቡሩ ሲንገጫገጭ ከከንፈሬም ትንሽ ጨመረበት። ደብረ ዘይት የደረስኩት እንደ እንቁላል ለስልሼ፣ ከንፈሬ ላይ ጥጥ ለጥፌ ነው።

በሠርግ በር መያዝ ደንብ ነው፣ ጨዋታ ነው። በእኔ ሠርግ ግን ከልባቸው ያዙት! አቶ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ አንገታቸውን በትከሻዬ በኩል አስግገው “ሙሽራውስ?” አሉ።

“እኔ ነኝ።”

“አንተማ ታናሽየው ነህ። ወንድምህ የት ቀረ?”

ሽማግሌዎቹ ቢምሉ ቢገዘቱ የሚሰማቸው ጠፋ። በዚህ መሃል ከጓዳ “ድምፁ የእሱ ነው፣ አስገቡት!” የሚል ተሰማ። ጽጌ ናት።

“ጢም የለውም እኮ!” አሏት አባቷ።

“ጢሙን መሰላችሁ የማገባው?”

በዚያ ዘመን ሙሽራ በሠርጓ ቀን አትናገርም። ጽጌ ተናገረች፤ ይኸው እስከ ዛሬም አላቆመችም። እኔ ግን ዕድሜ ለአፏ ገባሁ።

በሳምንቱ ጋሽ በየነን ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ በየነና አቶ ጸጋዬ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንድ ጋዜጣ ለሁለት ያነባሉ።

“እሰይ፣ ታረቃችሁ?” አልኩ ደስ ብሎኝ።

“መቼ ተጣላንና!” አሉ ጋሽ በየነ። “ስንት ዓመት በሰላም ስንከራከር ኖረናል። ያን ቀን ነገሩን ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ መሃላችን ምን አስገባህ?”

አቶ ጸጋዬም “ልክ ነህ በየነ” አሉ። እነዚያ ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።