ምክር የተወው ባለሙያ

ምክር የማይሰጥ ሰው አይታችኋል? እኛ ከተማ ጭሮ ውስጥማ የት ይገኛል! ባለባጃጁ እንኳ ሳትጠይቁት ስለ ትዳራችሁ ይመክራችኋል። የግቢያችን ልጅ ታምራትም እንዲሁ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ተማረና የሶሻል ወርክ ሰርተፍኬቱን ያዘ።

“ባለሙያ አይመክርም፤ ባለጉዳዩ ራሱ እንዲወስን ያግዛል” አለን። ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ እየሰሙ ራስ መነቅነቅ ሆነ። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ከምራታቸው ተጣልተው “ምን ላድርግ?” ቢሉት፣ “እርስዎ ምን ያስባሉ?” አላቸው።

“እኔ የማስበውንማ ብነግርህ ፖሊስ ትጠራለህ!” ብለው ጥለውት ሄዱ።

በዚህ ላይ ደግሞ የቸርቻችንን ዘማሪት ሌንሴን ይወዳታል። መውደዱን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን ለጋብቻ ጠይቋት አያውቅም። እንግዲህ ራሷ እንድትወስን እያገዛት ይሆናል።

አንድ ቀን ከታምራት ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ሌንሴ መጣች።

“ታሜ፣ ከበደሳ ከተማ ሽማግሌ ሊልክብኝ ያሰበ ሰው አለ። ምን ትመክረኛለህ?”

ታምራት ራሱን ነቀነቀ። “አንቺ ምን ታስቢያለሽ?”

“እሺ ልበለው ይሆን እያልኩ ነው።”

ምን ልበላችሁ፣ ያ ባለሙያ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ “በፍጹም! እንዳታደርጊው!” ሲል ሰፈሩን አናጋው።

“ምክርህን ተቀብያለሁ” አለችው እየሳቀች። “በል እንግዲህ አንተ ሽማግሌ ላክ።”

ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። የበደሳውን ሰውዬ ግን እስከ ዛሬ አየሁት የሚል ሰው አላጋጠመኝም።